ከአጥሩ ወዲያ ያለው ፈረስ

ወረቀቱ እጄ የገባው ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ በምታርፍበት ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ጎረቤቶቼ ያን ፀሐይ ችለው ይዘውት መጡ። ለቀበሌ የተጻፈ ማመልከቻ ነበር። በስተግራ አጥር የሚያዋስነን ሰው በመኖሪያ ግቢው ፈረስ ማሰር ከጀመረ አራት ወር መሙላቱን፣ ሽታውና ዝንቡ ነዋሪውን ማስቸገሩን ይዘረዝርና ፈረሱ ከሰፈሩ እንዲወጣ ይጠይቃል። አራት ሰዎች ፈርመውበታል። አምስተኛዋ እኔ ሆንኩ።

ስፈርም አላመነታሁም። ያን ሰሞን ሳቢያን በሚገኘው ቤቴ ምግብ ሳይከደን ለአፍታ ማስቀመጥ አይቻልም ነበር። ወጥ ቤቴን ከእሱ ጋጥ የሚለየው የብሎኬት አጥሩ ብቻ ነው። ሌሊት መስኮት ከፍቼ ብተኛ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ብዘጋው ሙቀቱ አያስተኛም። የግንቦትን ሌሊት ድሬዳዋ ውስጥ መስኮት ዘግቶ ያደረ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። አምስት ወር ያልሞላት የልጅ ልጄ ከንፈር ላይ ዝንብ ሲያርፍ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ማታ እራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ብዙ አትናገርም። የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«የባለጋሪ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ይህን ብላ እጇን ታጠበች፤ ገብታም ተኛች። እኔ ግን ሲነጋ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነበር።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ ሰውንና ዕቃን እስከ ጣቢያው ያደርሳል፤ ከጣቢያው እስከ ቤት ያለውን መንገድ ግን ለብዙ ዘመን የተሸከመው ፈረስ ነው። ከባቡር የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ጋሪ ላይ ይጭንና በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር አልፎ፣ አሸዋማውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ይገባል። አባቴ በዚህ መንገድ ላይ ሲመላለስ ስድስት ልጆች አሳደገ። ፈረሱ ዳማ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው። ባጃጅ መጥታ ጋሪዎቹን ከመንገድ ያስወጣቻቸው አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ያን ቀን ሳያይ መሄዱን እንደ በረከት እቆጥረዋለሁ።

የምንኖረው ገንደ ቆሬ ነበር። አራት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ ፈረስ። ስለዚያ ግቢ ለልጆቼ ሳወራ ሁልጊዜ የምደግመው ነገር አለኝ፤ «ያኔ ሰው ይቻቻል ነበር፤ ማንም ማንንም አይከስም ነበር» እላቸዋለሁ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ይህንኑ ለእናቴ ስደግምላት ሳቀችብኝ።

«ሰው ምኑን ቻለን?» አለች። «አባትሽ የሚቻል ነገር መቼ ተወላቸውና!»

ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ። አባቴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ማንም ወደ ቧንቧው ሳይወጣ፣ ፋንድያውን ጠርጎ በጆንያ ያስራል። ጆንያው ግቢ ውስጥ አይውልም። ጋሪው ላይ ተጭኖ ከከተማው ዳር አትክልት ለሚያለማ ሰው ይደርሳል፤ ሰውየውም በምላሹ የማሽላ አገዳ ይሰጠዋል። ሽንት ያረፈበትን አሸዋ በየሳምንቱ ዝቆ ያወጣና ከደቻቱ አዲስ አሸዋ ያለብሳል። ዳማ ቧንቧው አጠገብ ታስሮ አያውቅም፤ ባልዲውም የብቻው ነው። በግቢው አራስ ካለች ፈረሱ አርባ ቀን አባቴ ወዳጅ ዘንድ ያድራል። በዒድ ዕለት ጋሪው ከሌሊት ይወጣል፤ ነጭ ለብሶ ለሶላት የሚሄድ ጎረቤት ደጃፉ ላይ ፋንድያ እንዳይረግጥ። በጥምቀትም እንዲሁ። ለቅሶ ከመጣ ጋሪው ያለ ክፍያ ዘመድ ያመላልሳል።

ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አሸዋውን ከአባቴ ጋር ዝቄአለሁ። ደንብ መሆኑን ግን አላወቅኩም ነበር፤ የአባቴ ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጎረቤቶቻችንን ደግነት ሳመሰግን የኖርኩት፣ አንድ ሰው ሌሊት እየተነሣ በአካፋና በጆንያ ያቆመውን ነገር ነው። የሰፈሩ ሰላም ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ፈረሱን ያሰረው ሰው ነበር።

በዚያው ቀን ማታ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። አራት ልጆች ያሉት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። «ይግቡ እትዬ» አለኝ። ማመልከቻውን ሰምቷል፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ፈረሱ ከቤቱ ጀርባ፣ እኛን በሚያዋስነው ግድግዳ ሥር፣ ሦስት ሜትር በማይሞላ ጠባብ ቦታ ላይ በቆርቆሮ ጥላ ታስሯል። አምባላይ ነው፤ ጋማው በጥንቃቄ ተበጥሯል። ጎድኑ አይቆጠርም፤ ጀርባው ላይ የኮርቻ ቁስል የለበትም። ሰውየው ፈረሱን እንደሚወደው ለማወቅ ጊዜ አይፈጅም። ከእግሩ ሥር ያለው ግን አፈር ነው፤ ሽንት ጠጥቶ የጠቆረ፣ ሲረገጥ የሚሰምጥ አፈር። ፋንድያው ከግድግዳዬ ጋር ተደግፎ እስከ ወገቤ ተከምሯል።

«እትዬ፣ የት ልጣለው?» አለኝ። «ከቆሻሻ ጋር አንወስድም አሉኝ። ደቻቱ ልደፋው ብል ከለከሉኝ። እንዲህ ሆኖ የሚቀመጠው ደስ ብሎኝ መሰለዎት?»

ታይዋን ከሚባለው ገበያና ከቀፊራ ገበያ ዕቃ እየጫነ ነው የሚኖረው። ፈረሱ ሄደ ማለት የልጆቹ እንጀራ ሄደ ማለት ነው። አባቴ ጆንያውን የሚሰጠው አትክልተኛ ነበረው፤ ይህ ሰው የለውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ጠባያቸው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ስለ ፈረስ የተማርኩትን ያህል በባለጋሪ ቤት አድጌ አልተማርኩም። አንድ የእንስሳት ሐኪም ለምኜ አመጣሁ፤ ወጣት ነው፣ ታጋሽ ነው፣ ጥያቄዬን ሁሉ በወረቀት እየጻፈ መለሰልኝ። የእኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው፤ 250 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንዲህ ያለው ፈረስ ፋንድያውና ሽንቱ አንድ ላይ ሲመዘን በቀን ወደ 12 ኪሎ ይደርሳል። በዓመት ከ4 ቶን ይበልጣል ማለት ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ የእኛን አሰላሁ፤ በአራት ወር ወደ 1,400 ኪሎ። ግማሹ መንገድ ላይ ቢቀር እንኳ 700 ኪሎ ከወጥ ቤቴ ጀርባ ወርዷል። ማመልከቻው «ሽታ» እና «ዝንብ» ብሎ የጻፈው ይህን ነው። ቁጥሩን ሳየው ቁጣዬ በረደ። እንዴት እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል፤ ምናልባት 700 ኪሎ በአካፋ ሊነሣ የሚችል ነገር ስለሆነ ይሆናል። ክፉ ጎረቤትን ግን በአካፋ ማንሣት አይቻልም።

ዝንቡም ሥርዓት አለው። የቤት ዝንብ እንቁላሏን ከምትጥልባቸው ቦታዎች ሁሉ የምትመርጠው እርጥብና ትኩስ ፋንድያን ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ የሚፈጅበት ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ስለዚህ ፋንድያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከግቢ ከወጣ ትሉ ዝንብ ሳይሆን አብሮ ይሄዳል። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ የአባቴ ጆንያ ትዝ አለኝ። አባቴ ስለ ዝንብ ዕድሜ የተማረው ነገር አልነበረም፤ ግን በየቀኑ ያወጣ ነበር።

ሽታው ደግሞ አሞኒያ ነው፤ ከሽንት የሚወጣ። ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። እኔ አጥር ተሻግሮ ሲመጣብኝ አማረርኩ፤ ፈረሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫውን እዚያው ላይ ደፍቶ ያድራል፤ ሳንባውን ይጎዳዋል። የጎረቤትን አፍንጫ የሚያድነው ነገር የፈረሱን ሳንባም ያድናል። ሐኪሙን ካገኘሁ በኋላ ደጋግሞ ያስገረመኝ ይህ ነው፤ የእኛ ጥቅምና የፈረሱ ጥቅም በተለያየ ወገን የቆሙ ይመስሉኝ ነበር፤ በየነጥቡ ስንሄድ ግን አንድ ሆነው ተገኙ። ወለሉ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ተነጥፎ ተዳፋት ቢደረግለት ሰኮናው አይበሰብስም፣ እኛም አይሸተንም። ቆርቆሮው ከፍ ብሎ ነፋስ ቢገባው እሱ አይታፈንም፣ የእኛም አየር አይታመቅም።

ውኃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሳቢያን ሰው ስለሆንኩ ይመለከተኛል። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ከጉድጓዶቹም ዋና ዋናዎቹ የሚገኙት እኛው ሳቢያን ነው። የሰውና የእንስሳ ዓይነ ምድር በብዛት ወደ አፈር ሲሰርግ ናይትሬት የሚባለው ነገር ወደ ታች ይወርዳል፤ አሸዋማ መሬት ላይ ደግሞ የሚያቆመው የለም። ናይትሬት የበዛበት ውኃ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በጡጦ የሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናትን ነው። አንድ ፈረስ ይህን አያመጣም፤ ከተማዋ ከአንድ ፈረስ የሚበልጥ ብዙ ጉድጓድ መጸዳጃ አላት። ሆኖም በየግቢው ያለ ልክ የሚሰርገው ሁሉ የሚገናኘው ከታች ነው። ስለዚህ በባዶ አፈር ላይ ፈረስ አለማሰር የአንድ ጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

ደቻቱ ላይ የመድፋቱን ነገር የከለከሉት ሰዎችም ልክ ነበሩ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚተኛ ባለቤት የሌለው ሜዳ ይመስላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ከተራራው የወረደው ዝናብ ሞልቶት ከ250 በላይ ሰዎች እንደሞቱ የማያስታውስ የከተማችን ሰው የለም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ደረቁን አሸዋ ማንም ባዶ ቦታ ሊለው አይገባም። የተጣለበት ሁሉ ውኃ ሲመጣ ይነሣል፤ ሄዶም ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ያርፋል።

የወንድሜ ልጅ ሕግ ተምሯል። ነገሩን ሳጫውተው መጽሐፉን ይዞ መጣና አነበበልኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለ ንብረት በመብቱ ሲሠራበት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል። ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለባቸውም። ልኩ ስንት ነው? ሕጉ ሜትር አልጻፈም፤ ኪሎም አልጻፈም። የአካባቢው ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና ጠባይ ይታያል ይላል። ቁጥር 2071 ደግሞ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆንም። ፈረስ በርግጎ የሰው ልጅ ቢረግጥ «ገመዱን በጠሰብኝ» ማለት አያድንም።

የመጀመሪያውን ቁጥር ደጋግሜ እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። «የአካባቢው ልማድ» የሚለው ቃል አልለቅሽ አለኝ። ሕጉ ልኩን ለልማድ ትቶታል፤ ልማዱ ታዲያ የት ነው ያለው? የገንደ ቆሬ ልማድ ያለው እናቴ ራስ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከእሷ ጋር ሲቀበር ሕጉ የሚጠይቀውን የሚመልስ አይኖርም። አንዱ ጎረቤት «ልማዳችን ፈረስ ማኖር ነው» ይላል፤ ሌላው «ልማዳችን ንጽሕና ነው» ይላል፤ ሁለቱም ይምላሉ። ልማዱ መጻፍ እንዳለበት ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

የሌሎች አገሮችን ደንብም አየን። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ፈረስ በመኖሪያ ግቢ ለማኖር ዝቅተኛ የመሬት ስፋት ይጠየቃል፤ ጋጡም ከጎረቤት ቤት በተወሰነ ርቀት መሠራት አለበት። በእንግሊዝ የመንግሥት መመሪያ ለአንድ ፈረስ ከግማሽ እስከ አንድ ሄክታር የግጦሽ መሬት ይመክራል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። የእኛ ሰፈር ግቢ 200 ካሬ ሜትር ነው። ይህን ልክ ገልብጦ እዚህ ማምጣት ፈረስ ይከልከል ከማለት አይለይም፤ የጋሪ ፈረስ ደግሞ ምግቡ ተሸምቶ የሚመጣለት እንጂ በግጦሽ የሚኖር አይደለም። ርቀቱን ግን ወደድኩት። ርቀት ድሃንም ሀብታምንም እኩል ይጠይቃል፤ በገመድ ይለካል፤ አያከራክርም።

ደንብ ደግሞ የቦታው ልጅ መሆን አለበት። እህቴ የምትኖረው ሐረር ነው። እዚያ ጅብ ሲመሽ ከተማ ይገባል፤ ሰውና ጅብ ተላምዶ የሚኖርበት አገር ነው። ሐረር ላይ ስለ ጋጥ የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያ የሚጽፈው ስለ በሩ ጥንካሬ ይመስለኛል። ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያው ነገር ጥላ ነው፣ ከዚያ ውኃ። የሚሠራ ፈረስ በእኛ ሙቀት በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ ቧንቧ በሚጠፋበት ሳምንት ሁለት ጀሪካን ለፈረስ የማያስቀምጥ ሰው ፈረስ ባያኖር ይሻለዋል። ይህን የምለው ጨክኜ አይደለም። ውኃ የጠማው ፈረስ አይናገርም።

እሑድ ጠዋት መንገዱ ጥግ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ቀበሌ ማመልከቻውን ተቀብሎ አስቀድማችሁ በሽማግሌ ሞክሩ ብሎን ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ እናቴ ወንበር ወጥቶላት ተቀምጣለች። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ንግግሩን እሳቸው ከፈቱ። የሐረርጌው ገዥ ራስ መኮንን በፈረሳቸው ስም አባ ቃኘው መባላቸውን፣ ልጃቸውም አባ ጠቅል መባላቸውን፣ አገሩ መኳንንቱን በፈረስ ስም የሚጠራ አገር መሆኑን አነሡ። «ፈረስን ከሰፈር ማባረር የራስን ስም ማባረር ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

እናቴ ግን፣ «መምህር፣ የነገሥታቱ ፈረስ ባልደራስ ነበረው» አለች። «ፋንድያውን የሚያስጠርግ ሹም ነበረው። የዚህ ፈረስ ባልደራስ ማን ነው?»

ዝም ተባለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ባለ ፈረሱ ዞረ። እሱም መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ ነኛ፣ እማማ» አለ።

የቀረው ክርክር ስለ ሥራው ነበር። ጋጡ ከግድግዳዬ ተነሥቶ ወደ መንገዱ በር እንዲዛወር ተስማማን፤ ከወጥ ቤቴ ዘጠኝ ሜትር ይርቃል፣ በዚያ በኩል የሚያዋስነው የጎረቤት ክፍልም መኝታ ቤት ሳይሆን ዕቃ ቤት ነው። ወለሉን በድንጋይ ለማንጠፍ ድንጋዩን እኛ እንድናዋጣ ሐሳብ ያቀረቡት ሐጂ ናቸው፤ ሐጂ ማመልከቻውን አንደኛ የፈረሙት ሰው ናቸው። ፋንድያው በየቀኑ ተጠርጎ ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጣል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜም ይወጣል። ወዴት? ሦስት ቀን ፈልጌ ከከተማው ዳር ፓፓያና ጎመን የሚያለማ ሰው አግኝቼ ነበር፤ ጆንያውን ራሱ መጥቶ ለመውሰድ ተስማምቷል። ይህ ባይገኝ ኖሮ የቀረው ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ከተማው ራሱ እንዲህ ያለ መረከቢያ ቦታ ቢኖረው፣ ስንቱ ጠብ ሳይጀመር ባለቀ።

ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ስለ መንጋጋ ቆልፍ ተናገረች። የበሽታው ዘር በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ምስማር ከወጋው በዚያ ይገባል። የልጆች ክትባት ካርድ ይታይ አለች። በማግስቱ ቤት ለቤት ዞራ አየች፤ ሁለት ልጆች ጎድሎባቸው ተገኘ። ፈረሱም ይከተባል። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን የምታስተላልፈው በጣም ጥቃቅን ተናካሽ ትንኝ ናት፤ የምትወጣውም ከማታ እስከ ንጋት ነው። ፈረስን ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ክትባቱ በአገራችን፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል።

ልጆች በአጥር ቀዳዳ የማንጎ ልጣጭና የጫት ገራባ ያቀብሉት ነበር። ይህ ተከለከለ። ፈረስ የማይስማማውን ቢበላ አያስታውክም፤ የገባው አይመለስም፤ ቁርጠቱ ይገድለዋል። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት እያለ ቀኑን ሙሉ መብላት ይፈልጋል እንጂ ማታ አንድ ጊዜ ፉርሽካ ዘርግፎ መሄድ አይበቃውም። ሁለተኛ ፈረስ እንዳይጨመርም ተስማማን። ሐኪሙ ፈረስ ከመንጋ የወጣ እንስሳ ስለሆነ ብቻውን ሲሆን ይጨነቃል፣ ፍየል እንኳ አጠገቡ ብትታሰር ይረጋጋል ብሎን ነበር። አሁን አንዲት ፍየል አለችው። ሌሊት ግድግዳውን በሰኮናው መምታት ትቷል።

አርባ ቀኑን ያስገባችው እናቴ ናት። በሰፈሩ አራስ ካለች ፈረሱ ሌላ ቦታ ያድራል። ወጣቶቹ ይህ ምን ያስፈልጋል አሉ። እናቴ ምክንያት አልሰጠችም። ጻፉት አለች፤ ጻፍነው።

አንዲት ጎረቤታችን ግን አልፈረመችም። ልጇ አስም አለበት። ስንነጋገር ውላ በመጨረሻ ተነሥታ፣ «እናንተ የምትነጋገሩት ስለ ሽታ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ልጄ ትንፋሽ ነው» አለች። ሊመልስላት የደፈረ አልነበረም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። የፈረስ አቧራና ፀጉር የአስም ሕመምተኛን እንደሚቀሰቅስ ሐኪም ይመሰክራል፤ እሷ ያለችው እውነት ነው። ባለ ፈረሱ ለብቻዋ ቤቷ ድረስ ሄዶ አነጋግሯታል። በጠዋት ፈረሱን ሲያሻሽ ግቢው ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ውጭ፣ ከቤቷ ርቆ እንዲሆን ተስማምቷል። ፈረስ ግን ቢያሹትም ባያሹትም ፈረስ ነው።

አሁን ክረምት ገብቷል። ዝናብ ሲመታው አገዳው ይሻግታል፣ አሸዋው ቶሎ ይረጥባል፤ ባለፈው ሳምንት ሰውየው ታሞ ተኝቶ በርሜሉ አራት ቀን ሳይወጣ ቀረ። ሽታው ተመልሶ መጣ፤ የቆየው ቁጣዬም አብሮት መጣ። አጥሩ ጋ ሄጄ ልጮህ ስል የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጁ ከቁመቷ የሚበልጥ አካፋ ይዛ ስትታገል አየኋት። አባቴ ጋር አሸዋ ስዝቅ የዚያን ያህል ነበርኩ። በሩን ዞሬ ገባሁና አብረን ጨረስነው። ያን ዕለት ማታ ልጅቷ ፉርሽካ በሳህን ይዛ እናቴን ልትጠይቅ መጣች፤ ፉርሽካ ለምን እንዳመጣች አልገባኝም ነበር። እናቴ ግን ገባት። ከዳማ ጊዜ ጀምሮ ባለ ፈረስ ቤት የሚመሰገነው በፉርሽካ ነው አለችኝ፤ ለዶሮዎቼ ነው የላኩልኝ።

ወረቀቱ መምህሩ ዘንድ ተቀምጧል። መስከረም ላይ እንደገና እንድንሰበሰብ ጽፈናል፤ ያልሠራው እንዲለወጥ። ከስሞቻችን ሥር አንድ መስመር ባዶ ነው። ያልፈረመችው ጎረቤታችን መስኮት ከጋጡ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ሄጄ ለክቼዋለሁ። 11 ሜትር ነው። ነፋሱ ከዚያ በኩል በሚመጣባቸው ሌሊቶች መስኮቱ ተዘግቶ ያድራል፤ ከእኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ አያለሁ።